የማይስበው ቱቦ

ከጓሮ ማጀቱ በር ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሳል ነው። ቀጥሎ ጭስ። እማማ ራሳቸው ብቅ ያሉት ከሁለቱም በኋላ ነው፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ግባ ልጄ፣ ግባ። ዝቅ ብለህ ግን» አሉኝ። ዝቅ በል ያሉኝ ለትሕትና አልነበረም። ከወገብ በላይ ያለው የማጀቱ አየር በሙሉ ጭስ ነበር።

ማጀቱ ጭስ ማውጫ የሌለው ቢሆን ምንም አይደንቅም ነበር። ግን አለው። ከምድጃው ጀርባ የተነሣ የላሜራ ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወጥቶ፣ በደጅ በኩል ሽቅብ ታጥፎ፣ ከጣሪያው ክፈፍ በላይ ብቅ ብሏል። የተገጠመው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እማማ እንደሚሉት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት «ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያየው ነበር»። መስከረም ሲጋመስ ጭሱ ከምጣዱ ዙሪያ ሾልኮ መውጣት ጀመረ። ጥቅምት ላይ ከማገዶ መክተቻው አፍ። እኔ በሄድኩበት በኅዳር ማለዳ ደግሞ ቱቦው ጌጥ ሆኖ፣ ጭሱ እንደ ድሮው በበሩ ይወጣ ነበር።

አብሮኝ የመጣው ወጣት በያጅ ነው። ቱቦውን የሠራው እሱ አይደለም፤ ይህንንም ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ እማማ ግቢ ድረስ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። ማጀቱን አንድ ጊዜ ቃኘት አድርጎ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ቱቦው አይስብም።»

ጭስ በቱቦ የሚወጣው ቱቦ ስላገኘ ይመስለን ነበር፤ እኔም፣ እማማም፣ ምናልባት ቱቦውን የገጠመው ሰውም። በያጁ ግን ጭስ ያወጣል አላለም፤ ይስባል ነው ያለው። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። የሞቀ አየር ከቀዝቃዛ አየር ይቀላል። ቱቦው ውስጥ የቆመው ሞቃት አየር ከውጭው ስለሚቀል ወደ ላይ ይነሣል፤ በተነሣበት ቦታ ከማጀቱ ሌላ አየር በማገዶው አፍ በኩል ይገባል፤ የሚገባው አየር ጭሱን ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ጭስ ማውጫ ሞተር ነው፤ ነዳጁም ሙቀት ነው። ሙቀት የነፈጉት ቱቦ አይሠራም።

በዚያ ላይ ሞተሩ ደካማ ነው። 3 ሜትር ቁመት ባለው ቱቦ ውስጥ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ጭስ ቢኖርና ደጁ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ እማማ በሚኖሩባት ደብረ ብርሃን ላይ ቱቦው የሚስብበት ኃይል 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሚጫነው እንኳ ያንሳል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው፤ ያው ቱቦ በባሕር ጠረፍ ቢቆም ከሚስበው ወደ 30 በመቶ ያህል ይቀንስበታል። በእንዲህ ያለ ትንሽ ኃይል የሚንቀሳቀስ ነገር ሰበብ አያጣም። ትንሽ ቀዳዳ፣ ትንሽ ንፋስ፣ አንድ የተዘጋ በር ይበቃዋል።

በያጁ መጀመሪያ የጠየቀው መሣሪያ አልነበረም። «እማማ፣ ጧፍ አይጠፋም?» አለ። ከሥዕለ ማርያም ሥር ጧፍ መጣ። ተለኮሰ። በማገዶ መክተቻው አፍ ላይ ሲይዘው ነበልባሉ ወደ ውስጥ መታጠፍ ነበረበት። አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ወደ እኛ አዘነበለ። ቀጥሎ እማማ ሳያስቡት ጎትቶ በሩን ከፈተው። ነበልባሉ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ወደ ምድጃው ገባ። በሩን ዘጋው፤ ተመለሰ። ከፈተው፤ ገባ። የመጀመሪያው ምርመራ በአንድ ጧፍና በአንድ በር አለቀ።

ማጀቱ ታፍኖ ነበር። ቱቦው ከመጣ ወዲህ ጭስ መውጫ ቀዳዳ አያስፈልግም ብለው፣ ብርዱንም ለመከላከል፣ እማማ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት በጆንያና በላስቲክ ጠቅጥቀውት ነበር። አይፈረድባቸውም፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። ነገር ግን የሚወጣ ጭስ ቦታውን የሚተካ አየር ይፈልጋል። ተኪው ካልገባ ወጪው አይወጣም። ያፈሰሱት ውሃ አየር ካላገኘ ከጀሪካን እንደማይወርድ ሁሉ። በያጁ ከበሩ ሥር አንድ ጡብ የሚያክል ቀዳዳ እንዲከፈት ነገራቸው፤ ከምድጃው አፍ ትይዩ፣ ዝቅ ብሎ። እማማ ቀዳዳውን በዓይናቸው ለክተው «ድመቷም ትገባበታለች» አሉ፤ ፈቅደዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ድሮው ማጀት ትንሽ ልበል። የሣር ክዳን ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም ይባላል እንጂ ጣሪያው ሁሉ ጭስ ማውጫ ነበር። ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ቋንጣም ለዘር የተቀመጠውንም ያደርቃል። ሰው ግን በዚያው ጭስ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ስለዚህ እንደ አንዳንዱ ሰው የጭስን ቤት አላወድስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ይሁን እንጂ ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ አንድ ነገር ሳናስተውል አለፈ። ቆርቆሮ አይተነፍስም። ጭሱ ከሥሩ ይከማቻል፤ በሌሊት ብርድ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ሊጥ ቡሃቃ ውስጥ ጠብ ይላል። ጣሪያችንን ስንቀይር ምድጃውን ያሰበው አልነበረም።

ምድጃውን ያሰቡ ሰዎች ቆይተው መጡ። የእማማ ምድጃ «ምርጥ» የሚባለው ነው፤ በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራ፣ ክፍልፋዩ ተገጣጥሞ ምጣድ የሚቀመጥበት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል የሚባልለት እሳቱን ስለሚከልልና ሙቀቱን ከምጣዱ ሥር ስለሚያቆይ ነው። በብዛት የሚሸጠው ያለ ረጅም ጭስ ማውጫ ነው። እማማ ቱቦ ያስጨመሩበት ጎረቤታቸው ዘንድ አይተው ነው። ቱቦ ሲጨመርበት ግን ምድጃው ሌላ ምድጃ ይሆናል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

በሩ ተከፍቶም ቱቦው የሚስበው በግማሽ ልብ ነበር። ስለዚህ መሰላል ተፈለገ።

ከጣሪያው ላይ ሲታይ ነገሩ ራሱን ይናገራል። የቱቦው አፍ ከማጀቱ ጣሪያ አናት በታች ነው፤ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ የጎረቤት ባለ አንድ ፎቅ ግድግዳ ቆሟል። ከምሥራቅ የሚመጣው ንፋስ ከግድግዳው ጋር ይጋጭና ቁልቁል ይወርዳል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ግፊት ቅድም ካልኩት የቱቦው የመሳብ ኃይል ይበልጣል። ያ ንፋስ ለደብረ ብርሃን ንፋስ ተብሎ የሚጠራም አይደለም። ጭሱ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ንፋሱ ከላይ እንደ ክዳን ይጫነዋል። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ የጭስ ማውጫ አፍ ጣሪያውን በስቶ ከወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ የጣሪያ ክፍል ሁሉ ደግሞ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ደንቡ የተጻፈው ለሌላ አገር ነው፤ ንፋስ ግን ፓስፖርት አይጠይቅም።

ከቱቦው አናት ላይ የተበየደው ቆብ ሌላው ጉድ ነው። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ የተደፋ ነው፤ ከቱቦው አፍ ግን የራቀው ሁለት ጣት ብቻ ነው። በያጁ ጣቱን ሰዶ ሲያወጣው የጣቱ ግማሽ ጥቁር ነበር። በቆቡና በቱቦው መካከል የነበረውን ክፍተት ጥቀርሻ ሞልቶት ኖሯል። «ባርኔጣውን አንገቱ ላይ ነው ያሰሩበት» አለና ሳቀ። ቆብ ከአፉ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ግማሽ ያህል ከፍ ሊል ይገባዋል።

ቱቦውን አወረድነው። ሲወርድ የሸተተኝን ሽታ ገና ከልብሴ አላስለቀቅሁትም፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ሬንጅ የመሰለ። በያጁ ከእማማ ቤት የተዋሰውን ትንሽ መስታወት በአንዱ ጫፍ ደግኖ «ና እይ» አለኝ። ክብ ሰማይ ማየት ነበረብኝ። ያየሁት አዲስ ጨረቃ የመሰለች ቀጭን ብርሃን ብቻ ናት።

ቱቦው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ይህ ራሱ ጠባብ ነው። ጥቀርሻው ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጋገርበት ስፋቱ ወደ 8 ይወርዳል፤ ጭስ የሚያልፍበት ቦታ ግን የሚቀንሰው በአምስተኛ እጅ አይደለም፣ ከሲሶ በላይ ነው። በአንጻሩ ቱቦው 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ገና ከመነሻው ከእጥፍ በላይ ቦታ ይኖረው ነበር። ላሜራ ለመቆጠብ ሲባል የጠበበ ቱቦ በየወሩ ይከፈልበታል።

ከሁሉ የከፋው ግድግዳውን የሚያልፈው አግድም ክፍል ነበር። አንድ ሜትር ያህል ተጋድሞ፣ በሁለቱም ጫፍ በቀጥተኛ ማዕዘን ታጥፎ። አመድና ጥቀርሻ እዚያ ተኝተዋል። ኩበት የሚነድበት ቤት ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ ከእንጨት ይልቅ የኩበት አመድ እጅግ ብዙ ነው፣ ከጭሱ ጋር እየተነሣም ይሄዳል፣ ቱቦው ሲታጠፍ ይወድቃል። ማጠፍ ግድ ከሆነ ገደድ ባለ መታጠፊያ ነው፤ አግድም መሄድ ግድ ከሆነም አጭርና ሽቅብ ያዘነበለ ይሁን፤ ከመታጠፊያውም ሥር የሚከፈት ማጽጃ በር ያስፈልገዋል። የእማማ ቱቦ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። ለማጽዳት ማፍረስ ነበረብን።

ጥቀርሻው ከየት መጣ? ግማሹ መልስ ከደጅ ነው። ከሲታ ላሜራ ቱቦ በደጅ በኩል ሲቆም ማለዳ የውርጩን ብርድ ይጠጣል። ጭሱ በውስጡ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ የተሸከመው እንፋሎትና ያልተቃጠለው ሬንጅ ወደ ፈሳሽነት ይለወጥና ከቱቦው ግድግዳ ይጣበቃል። ብርድ በራሱ የጭስ ማውጫ ጠላት አይደለም፤ ደጁ በቀዘቀዘ ቁጥር የሞቀ ቱቦ አብዝቶ ይስባል። ጠላቱ የቱቦው ራሱ መቀዝቀዝ ነው። ነሐሴ ላይ ደህና የነበረው ኅዳር ላይ የታመመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ግማሽ መልስ ከአጥሩ ጥግ የተቆለለው ባሕር ዛፍ ነው። በያጁ ሁለት ፍልጥ አንሥቶ አጋጫቸው። ደረቅ ቢሆኑ ቀጭን ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ እነዚህ ግን እንደ ጭቃ ዱብ አሉ። ጫፋቸውም አልተሰነጠቀም። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ 10 ኪሎ ማገዶ ወደ ምድጃ መክተት፣ የአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሩብ ውሃ በእሳት ላይ እንደ መድፋት ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ያፈላል። ሙቀቱ በዚያ ያልቃል፤ ጭሱ ቀዝቅዞና እንፋሎት ተሸክሞ ቱቦው ይገባል። «በልግ ላይ ገዝተው ለክረምት ማገዶ ያስቀምጡ የነበሩት እናቴ ነበሩ» አሉ እማማ፤ «እኛ ዛሬ ገዝተን ዛሬ ነው የምናነደው።» ስንፍና አይደለም፤ የዓመት ማገዶ አንዴ የሚገዛ ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም የተፈለጠን ካልተፈለጠ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተደረደረን ከተቆለለ መምረጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥቀርሻው ቱቦ መዝጋቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ራሱ ማገዶ ነው። አንድ ቀን በደረቅ ጭራሮ እሳቱ ከፍ ሲል ቱቦው ውስጥ ይቀጣጠልና ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚያን ጊዜ ቱቦው እንደ ባቡር ያጓራል፤ ላሜራው ይቀላል፤ አጠገቡ ያለ ወራጅ ወይም ማገር ይያያዛል። እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ውሃ ወደ ቱቦው አይደፋም፤ የማገዶውን አፍ ዘግቶ አየር ይከለክለዋል፣ ሰውን ያስወጣል፣ የእሳት አደጋ ይጠራል።

በያጁ መልሶ ሲገጥም ሁለት ቀን ፈጀበት። አሁን ቱቦው ግድግዳ አይበሳም፤ ከምድጃው ጀርባ ቀጥ ብሎ በማጀቱ ውስጥ ይወጣል፣ ቆርቆሮውን በስቶ ከአናቱ በላይ አንድ ክንድ ከስንዝር ያህል ከፍ ይላል። አብዛኛው ክፍሉ ቤት ውስጥ ስለሆነ አይቀዘቅዝም። ጣሪያውን በሚያልፍበት ቦታ ወራጁ ተቆርጦ ሸሽቷል፤ የአሜሪካው ደንብ ነጠላ ላሜራ ከሚነድ ነገር 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ይላል፤ ቀዳዳውም በሰፊ ላሜራ ተሸፈነ። የታችኛውን ሜትር የሠራው በወፍራም ጥቁር ላሜራ ነው። ነጩን ቆርቆሮ ከእሳቱ አጠገብ አላስቀምጥም አለ። ልክ ነው። ነጩን ነጭ ያደረገው ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ጢሱም ለሳንባ አይበጅም።

በመጋጠሚያዎቹ ጉዳይ ትንሽ ተከራከርን። የቀድሞው ሠራተኛ የላይኛውን ቱቦ ከታችኛው ላይ አልብሶት ነበር። እኔም ትክክል መሰለኝ፤ ጭሱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ሳይደናቀፍ ያልፋል። በያጁ ከቱቦው ውጭ ቁልቁል የደረቁትን ጥቁር መስመሮች አሳየኝ። «ጭሱ ይወጣል፣ ሬንጁ ግን ይወርዳል። ሲወርድ በመጋጠሚያው አመለጠ።» የላይኛው ከታችኛው ውስጥ ሲገባ የሚወርደው ሁሉ በውስጥ ወርዶ እሳቱ ይበላዋል። መጋጠሚያዎቹን በጭቃና በአመድ ለቀለቃቸው። በመጋጠሚያ የሚያመልጠው ጭስ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ቱቦው በደንብ በሚስብበት ሰዓት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በቀዳዳው ቀዝቃዛ አየር ወደ ውስጥ ይገባና ያበርደዋል።

በማግሥቱ እማማ እንጀራ ጋገሩ። ጭስ የለም። ጧፉ በማገዶው አፍ ላይ ሲያዝ ነበልባሉ ሊበጠስ እስኪደርስ ወደ ውስጥ ተሳበ። ሁላችንም ተደሰትን፤ እማማ ግን የመጀመሪያውን እንጀራ አንሥተው ዝም አሉ። መሐሉ ዓይን አውጥቷል፤ ከቱቦው ትይዩ ያለው ዳር ግን ነጭና እርጥብ ነው። ሁለተኛው እንዲሁ። «ጭሱን ወስዶ እሳቴንም ወሰደው» አሉ።

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት ይህ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል መሞቅ አለበት። በደንብ የሚስብ ቱቦ ነበልባሉን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ሙቀቱም ከምጣዱ ሥር ሳይቆይ ይሄዳል። ጭስ ማውጫው በሙቀት የሚሠራ ሞተር ከሆነ ሙቀቱን የሚከፍለው እንጀራው ነው። ብዙ ቱቦ ከተገጠመ በኋላ ተነቅሎ የሚጣለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የጋጋሪዋ ዓይን ከጭሱ ዳነ፤ ማገዶዋ ግን ጨመረ፤ እንጀራዋም ተበላሸ። ያን ጊዜ ጭሱን ትመርጣለች። በጋጋሪዋ መፍረድ ይቀላል፤ ሒሳቡን ግን የምታውቀው እሷ ናት።

በያጁ ቱቦው ውስጥ ከወገቡ ከፍ ብሎ የምትዞር ክብ ላሜራ ገጠመ፤ ከውጭ በሽቦ እጀታ የምትንቀሳቀስ። እሳቱ ሲቀጣጠል ትከፈታለች፤ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ጎደል ትደረጋለች። ጠርዟን ሆን ብሎ ቆረጠው፤ ብትዘጋ እንኳ ጥግ በጥግ እንዳትከደን። ምክንያቱን ለእማማ ሲነግራቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ። በብርድ አገር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። ፍሙ ጭስ የለውም፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍም ባለበት ቱቦ መዝጋት ማለት ከሰሉን ክፍል ማስገባት ማለት ነው። ጋግሮ ሙቀት ለማቆየት ሲባል ክዳኗን ጥርቅም ማድረግ አይገባም።

ማለዳ ቱቦው ቀዝቅዞ ሲያድር መጀመሪያ የሚለኮሰው እሳት ጭሱ ይመለሳል፤ ቀዝቃዛው አየር ከውስጥ እንደ ውታፍ ይቀመጣል። ለዚህ መላው ማገዶ ከመክተት በፊት አሁን በተገጠመለት የታችኛው ማጽጃ በር አንድ ጭብጥ ደረቅ ጭራሮ ወይም ወረቀት አንድዶ ቱቦውን ማሞቅ ነው። እማማ ይህን ወደዱት። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ በገመድ ጫፍ የታሰረ የእሾህ ችቦ ከላይ ወርዶ ይጎተታል። መሰላል የሚወጣው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ክፍያው ትኩስ እንጀራ በበርበሬ።

ጎረቤትየው አንድ ቀን መጥተው ጭሱ አሁን በእሳቸው መስኮት እንደሚያልፍ ተናግረዋል። ልክ ናቸው። ከማጀት የወጣ ጭስ ከሰፈር አልወጣም። ደረቅ ማገዶ ጭሱን ቢቀንሰውም ጥያቄው አላለቀም፤ ከምሥራቅ በሚነፍስባቸው ሰዓቶችም ቱቦው አሁንም አንዳንዴ ይተፋል።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ገና ሊደርስ ሲል ነው። ማጀቱ ውስጥ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እማማ ግን ከጓሮ ነበሩ፤ ለበዓሉ ጠላ ጋን እያጠኑ። ገል ላይ የወይራ ፍም አድርገው ስንጥሩን ጨምረውበታል፤ ነጭ ጭስ ይግተለተላል። ጋኑን ደፍተን ስናስቀምጥበት በእኔ በኩል ጠርዙ ጠጠር ላይ አርፎ ክፍተት ቀረ፤ ጭሱም በዚያ ሾለከ።

«ኧረ ድፈነው!» አሉ እማማ፣ እየሳቁ አመድ እያሻገሩልኝ። «ይኼኛው አይውጣ።»